ሦስት መኪና፣ ሦስት ሬዲዮ፦ የኮምቦልቻ የሥራ ማስታወሻ

ሐሙስ ጠዋት

ሥራው የመጣው ከአንድ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት ነው። ቢሯቸው እዚሁ ኮምቦልቻ ነው። ቡድናቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በባቲና በከሚሴ በኩል ባለው ቆላ ነው። እዚያ ስልክ ሲገኝ ይገኛል፣ ሲጠፋ ሙሉ ቀን ይጠፋል። ባለፈው ክረምት አንድ ሠራተኛ እጁን ቧንቧ ቀጥቅጦት፣ ሾፌሩ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ለኮረብታ ሲዞር ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳለፈ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ነው ለሦስቱም መኪና የመገናኛ ሬዲዮ ለመግጠም የወሰኑት።

መጀመሪያ ፈቃዱን ጠየቅኩ። ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አውጥተዋል። ሬዲዮዎቹም የተፈቀደላቸው ፍሪኩዌንሲ ተሞልቶባቸው ነው የመጡት። ያለ ፈቃድ የመጣ ሬዲዮ አልገጥምም። አየሩ የጋራ ነው፤ ባልተፈቀደ መስመር የሚያወራ ሰው የማንን የጭንቅ ጥሪ እንደሚሸፍን አያውቅም።

መኪኖቹ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ፣ ነጠላ ጋቢና ላንድክሩዘር ፒክአፕና ቧንቧ የሚጭን አይሱዙ ናቸው። ሬዲዮዎቹ ቪኤችኤፍ በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ፣ በ50 ዋት፣ በ13.6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ዝም ብለው ሲያዳምጡ ግማሽ አምፔር እንኳ አይበሉም። ማይኩን ተጭነው ሲያወሩ ግን ወደ 12 አምፔር ይወጣሉ። ይሄ ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ ከሚወስዱት በላይ ነው። ብዙ ሰው ሬዲዮ ሲባል ቴፕ ይመስለዋል። ከቴፕ ሽቦ ላይ ጠልፎ የሚገጥመውም ለዚህ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት

ከላንድክሩዘሩ ጀመርኩ። ሥራ ያቆመ አሮጌ ሬዲዮ አለበት። “እሱን ነቅለህ አዲሱን በዚያው ሽቦ ላይ ስካው” ብለውኝ ነበር። ሽቦውን ሳላይ እሺ አላልኩም።

የሾፌሩን ምንጣፍ ገለጥኩ። ቀዩ ሽቦ ከባትሪው ተነስቶ የሞተሩን ክፍል ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ በኩል ይገባል። ቀዳዳው ላይ ጎማ የለም። የላሜራው ጠርዝ እንደ ቢላ ነው። መኪናው በኮረኮንች በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሽቦውን ሲገዘግዘው ኖሯል። ፕላስቲኩ አልቆ መዳቡ ያብረቀርቃል፤ ከጥፍሬ የማይበልጥ ቦታ ነው። እዚያው ጋ ላሜራው ጠቁሯል። ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ የሳንቲም ያህል ተቃጥሏል። ስለዚህ አንድ ሁለቴ ነክቶ ብልጭ ብሏል ማለት ነው። ሾፌሩ ሲያየው ዝም አለ። ዕድሜው ከአባቴ አይተናነስም፤ ጋሼ ነው የምለው። ትንሽ ቆይቶ “አንድ ቀን የሐረጎን ዳገት ስወጣ የሚቃጠል ሸቶኝ ነበር፤ ፍሪሲዮኑ መስሎኝ” አለኝ።

ረዳቴ ከሬዲዮው ጀርባ ያለውን ፊውዝ አሳየኝ። “ፊውዝ አለው እኮ” አለ። አለው። ችግሩ ያለበት ቦታ ነው። ፊውዙ ከሬዲዮው አንድ ስንዝር ርቆ ነው የተቀመጠው። ባትሪው ጋ ምንም የለም። ለልጁ በውሃ አስረዳሁት። ቧንቧው ከመንገድ እስከ ግቢህ ባለው መሃል ቢፈነዳ፣ ኩሽና ውስጥ ያለውን መዝጊያ ብትዘጋ ምን ይጠቅምሃል? ፊውዝም እንዲሁ ነው። የሚጠብቀው ከሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነው። ከሱ በፊት ያለው ሦስት ሜትር ሽቦ ጠባቂ የለውም።

የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በአንዴ ይሰጣል። ያ የተላጠ ሽቦ ላሜራው ላይ ተለጥፎ ቢቀር ኖሮ ሙሉው ጉልበት በሱ በኩል ነበር የሚያልፈው። በሴኮንዶች ውስጥ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይነዳል፣ ከጎኑ ያሉትንም ሽቦዎች ይዞ ይሄዳል። ያ ሁሉ የሚሆነው ከሾፌሩ እግር ሥር ነው። ማን እንደገጠመው ማወቅ አልፈልግም። እንዲህ ያለ ነገር ግን ያናድደኛል። የጎደለው አንድ ጎማና አንድ ፊውዝ ብቻ ነበር።

አሮጌውን ሽቦ ሙሉ በሙሉ መዝዤ አወጣሁት። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የተላጠውን ቦታ ለመጣ ሰው ሁሉ አሳያለሁ።

ዓርብ

ሃይሉክሱ። ቁልፉን አጥፍቼ አወጣሁ። በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ሁልጊዜ ኔጋቲቩ ነው የሚቀድመው። ቁልፉ ሳይታሰብ ሌላ ብረት ቢነካ ብልጭታ አይኖርም። ከዚያ ቡና እስኪፈላ ጠበቅን። ይሄ መኪና ኤርባግ አለው። ባትሪው ከተፈታ በኋላም የኤርባጉ ኮምፒውተር ለጥቂት ደቂቃ ጉልበት ይዞ ይቆያል።

ሾፌሩ ወጣት ነው። ሬዲዮው ክሩስኮቱ ላይ፣ ከተሳፋሪው ፊት እንዲሆን ፈልጓል። “እዚያ ለዓይን ያምራል፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚያደርገው” አለኝ። በቀስታ አስረዳሁት። ከዚያ ሽፋን ሥር ኤርባግ ተጣጥፎ ተኝቷል። ግጭት ሲመጣ በሰከንድ ሦስት መቶኛ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ተነፍቶ ያልቃል። ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ነው። ከላዩ ላይ የተቀመጠን ሬዲዮ ደግሞ ቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ፊት ይወረውረዋል። ልጁ “በዚያ ወንበር ብዙ ጊዜ የምትቀመጠው ባለቤቴ ናት” አለ፤ ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

ለኤርባግ አካባቢ አንድ ቀላል ምልክት አለ። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ቱቦ የለበሰ ሽቦ ካየህ እጅህን አንሳ። አይጠለፍም፣ በቴስተር አይነካም፣ የራስህም ሽቦ ከሱ ጋር አይታሰርም። በዚህ መኪና ከመሪውና ከክሩስኮቱ ሌላ በጣራው ጠርዝ ግራና ቀኝ መጋረጃ ኤርባግ አለ። ስለዚህ የአንቴናውን ገመድ በፊት መስታወቱ ምሰሶ በኩል ማውረድ አይቻልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሬዲዮውን ከማርሹ ፊት፣ ከመሃል ዝቅ አድርጌ አሰብኩት። ሾፌሩን አስቀምጬ ማርሹን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ፣ ከዚያም ወደ ኋላ እንዲያስገባ አደረግኩት። በአንደኛና በሦስተኛ ጊዜ ጣቱ ሬዲዮውን ነካ። ሁለት ጣት ያህል ወደ ቀኝ ገፋሁት። ጉልበቱም እንዳይነካው አየሁ። የማይኩ ጠምዛዛ ገመድ ሲለጠጥ መሪው ላይ እንዳይጠመጠም ማንጠልጠያውን ከመሃል በቀኝ በኩል አደረግኩ። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገድ ሳያነሳ እጁን ሲሰድ ያገኘዋል።

መደገፊያውን ለማሰር አራት ብሎን አለ። ከመብሳቴ በፊት ከመኪናው ሥር ገባሁ። ይሄን ሳላደርግ ትራፓኖ አላነሳም። ልምምድ ላይ በነበርኩበት ዘመን፣ በሠራሁበት አንድ ጋራዥ፣ ከወለሉ ላይ ብሎን ሲያስገባ የፍሬን ዘይት ቧንቧ የበሳ ሰው አይቻለሁ። ደግነቱ ዘይቱ እዚያው ወለል ላይ ፈሰሰ። መኪናው ወጥቶ የደሴን ቁልቁለት ቢይዝ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። አሁን የትራፓኖው ጫፍ ላይ ናስትሮ እጠመጥማለሁ። ከናስትሮው በላይ አይገባም።

ከሰዓት ሽቦውን ዘረጋሁ። 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ነው። ለምን ይሄን ያህል ወፍራም? ከላንድክሩዘሩ ያወጣሁት አሮጌው 1.5 ካሬ ነበር። በ5 ሜትር ርዝመት 12 አምፔር ሲያልፍበት በፖዘቲቩ ብቻ ሰባት አሥረኛ ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ወፍራሙ ላይ ሁለት አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሬዲዮ ቮልት ሲያንሰው ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሰው ሬዲዮው ተበላሸ ይላል።

20 አምፔር ፊውዙን ከባትሪው ተርሚናል 15 ሳንቲ ሜትር ላይ አደረግኩ። ውሃ የማያስገባ ቤት አለው። የላሜራው ቀዳዳ ላይ ጎማ ገባ። ከዚያ በላይ ሽቦው ቆርቆሮ መሳይ ፕላስቲክ ቱቦ ለብሶ በየስንዝሩ ታሰረ። ከማርሚታው የጭስ መስመር ርቋል፣ ከሚሽከረከር ነገርም ርቋል።

ኔጋቲቩን ባትሪው ላይ አላሰርኩም። ባትሪው ራሱ ከመኪናው አካል ጋር ማሳ የሚያደርግበት (ኔጋቲቩ ከአካሉ ብረት ጋር የሚያያዝበት) ቦታ አጠገብ ነው ያሰርኩት። ምክንያቱን ለረዳቴ ነግሬዋለሁ፣ እዚህም ልጻፈው። የሞተሩ ማሳ ገመድ አንድ ቀን ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ ሞተሪኖው ሲነሳ ጉልበቱ የሚመለስበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሬዲዮው ኔጋቲቭ በቀጥታ ባትሪው ላይ ከሆነ፣ ያ ሁሉ አምፔር በአንቴናው ገመድና በሬዲዮው ሆድ አልፎ በዚያች ሽቦ ይመለሳል። ፖዘቲቩ ላይ ያለው ፊውዝ አያየውም።

ማሳ የሚታሰርበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን አነሳሁት፣ ብረቱ እስኪያበራ። ሮንዴላ፣ ብሎን፣ ከዚያ ከላዩ ላይ ግሪስ። ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ ማሳ አይባልም።

ቅዳሜ ጠዋት

የሃይሉክሱ አንቴና። ምርጡ ቦታ የጣራው መሃል ነው። ሞገዱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል። ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች ደግሞ የጣራው ብረት ይከልላቸዋል። ባለቤቶቹ ጣራ መብሳት ፈርተው ነበር። የማግኔት አንቴና ይሁን አሉ። ለኮረኮንች አይሆንም። ይንሸራተታል፣ ቅርንጫፍ ያነሳዋል፣ ገመዱም በበር ላስቲክ ውስጥ ሲጨመቅ ይሞታል።

የጣራውን መብራት አወጣሁ። በሱ ቀዳዳ በኩል የጣራው ጨርቅና ላሜራው መሃል ያለውን በጣቴ ዳበስኩ። የማጠንከሪያው ብረት የት እንደሆነ አወቅኩ። ከሱ ራቅ ብዬ 19 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳሁ። ሞረድኩት፣ ፀረ ዝገት ቀባሁት፣ አንቴናውን ከነላስቲኩ አሰርኩት። ገመዱን በጨርቁ ሥር ወደ ኋላ ወስጄ በኋላ ምሰሶው በኩል አወረድኩት፣ መጋረጃ ኤርባጉ ካለቀበት።

የአንቴናውን ዘንግ መቁረጥ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዘንጉ የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል መሆን አለበት፤ ይሄ የሩብ ሞገድ ርዝመት የሚገኘው 75ን በሜጋኸርዙ በማካፈል ነው። መልሱ በሜትር ነው። የነሱ መስመር 155 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ 48 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። በተግባር ከመቶ አምስት ያህል ያጥራል። በ49 ጀመርኩ። የሚመለሰውን ሞገድ የሚለካው ሜትር 1.9 አለ። ከላክሁት ጉልበት ከመቶ አሥር ያህሉ ወደ ሬዲዮው እየተመለሰ ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቆረጥኩ፣ ለካሁ። እንደገና ቆረጥኩ። 46 ተኩል ላይ 1.2 ሆነ። ተመላሹ አሁን ከመቶ አንድ አይሞላም። አንዴ የተቆረጠ ዘንግ አይቀጠልም፤ ለዚህ ነው በጥቂት በጥቂቱ የምሄደው።

ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁ። ማይኩን ስጫን የነዳጁ መርፌ ዘለለች። ስለቅ ተመለሰች። ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የኤርባግ መብራት፣ ሁሉም ደህና ናቸው። መርፌዋ ብቻ። የአንቴናው ትርፍ ገመድ ከወንበሩ ሥር ከመኪናው ሽቦ ጋር አብሮ ተጠቅልሏል። የኔ ስህተት ነው፣ ቸኩዬ ነበር። ትርፉን ቆርጬ ሶኬቱን እንደገና ሠራሁ፤ የሚገናኙበትንም ቦታ መስቀለኛ አደረግኩት። መርፌዋ ቆመች። ሞተር ሳይነሳ ብቻ ፈትሾ መኪና ማስረከብ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ላንድክሩዘሩ ብዙ አሳሰበኝ። እንደ ሃይሉክሱ ጣራው ላይ ላድርገው ብዬ አንቴናውን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ኋላውን አየሁት። ሠራተኞቹ ሁልጊዜ የሚሄዱት እዚያ ቆመው ነው፣ የጋቢናውን ጣራ ይዘው። ረዳቴን አቆምኩት። ፊቱ ከአንቴናው 40 ሳንቲ ሜትር አይሞላም።

በዚህ ጉልበት የሚሠራ ሬዲዮ ሲያወራ ሰው ከአንቴናው ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ይሄን ይላል። በጣራው ብረት የሚከለሉት ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው። ኋላ የቆመው ሰው ፊት ለፊት ነው የሚያገኘው፣ ዓይኑ ላይ። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የዋለ ሰው ቤቱ ሲመለስ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም።

“ሰው ሲኖር አታውሩ” ብዬ መተው እችል ነበር። ግን አደጋ ሲመጣ ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ቦታውን ቀየርኩ። ከፊት ፓራውርቱ ላይ፣ በግራ ጥጉ። እዚያ ሥሩ ሰፊ ብረት ስለሌለ የሩብ ሞገዱ ዘንግ አይሠራም። ከሥሩ ብረት የማይፈልግ የግማሽ ሞገድ አንቴና አስመጣሁ። ርዝመቱ ወደ 95 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ እስከ መስታወቱ በሜትር ለካሁ፤ ከ1 ሜትር ከ30 ያልፋል። ኋላ ያሉትማ ሩቅ ናቸው። የሞተሩ ኮፋኖ ወደ ኋላ ትንሽ ይከልለዋል። ጉልበት ትንሽ ቀንሷል፣ አውቄ ነው የተውኩት። ለጋሼ ሰው ሊቆምበት የማይገባውን ቦታ አሳየኋቸው፤ ማይክ ከመያዛቸው በፊት ከፊት ለፊት ሰው እንደሌለ ያያሉ።

ሰኞ

አይሱዙው 24 ቮልት ነው። ሁለት ባትሪ ተደራርቧል። ሾፌሩ “መሃሉ ላይ 12 አለልህ፣ ቴፑም ቻርጀሩም ከዚያ ነው” አለኝ። ቴስተሬን አውጥቼ ሞተሩ እየሠራ ለካሁ። ሁለቱ አንድ ላይ 27.9። የታችኛው ለብቻው 13.1፣ የላይኛው 14.8። በዚህ ቁጥር ብቻ ታሪኩ ይታወቃል። ዲናሞው የሚሞላው ሁለቱን አንድ ላይ ነው። የሚበላው ግን ከታችኛው ብቻ ነው። ታችኛው አይጠግብም፣ ላይኛው ከልክ በላይ ይሞላና ይፈላል። የላይኛውን ክዳን ስከፍት ውሃው ሳህኖቹን አልሸፈነም። በዚህ ላይ 12 አምፔር ቢጨመር ባትሪዎቹ ክረምቱን አይሻገሩም።

24ን ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር አስገባሁ፣ 20 አምፔር ያለማቋረጥ የሚችል። ከባትሪው ሲነሳ 15 አምፔር ፊውዝ በቂ ነው፤ በ24 ቮልት በኩል የሚሄደው አምፔር ግማሽ ያህል ነውና። ቴፑንና ቻርጀሩንም ወደሱ አዞርኳቸው። ኮንቨርተሩ ይግላል፤ ከወንበር ሥር ጨርቅ መሃል ሳይሆን የጋቢናው የኋላ ግድግዳ ላይ፣ አየር በሚያገኝበት አደረግኩት።

መጀመሪያ ሲከፈት ከሞተሩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ነበረው። ማሳውን ፈታሁት። ሥሩ ቀለም ቀርቶበታል። ፋቅኩት፣ ፉጨቱ ጠፋ።

ሙከራውን ዛሬ ማድረግ አልፈለግኩም። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። መንገዱ በሰውና በግመል ይሞላል፣ ማይክ የያዘ ሾፌር እዚያ መሃል አያስፈልግም።

ማክሰኞ

ሦስቱም ወጡ። እኔ ቢሯቸው ካለው ሬዲዮ ጋር ቁጭ አልኩ። ሃይሉክሱ ወደ ደሴ ሽቅብ ያዘ። ሐረጎ ድረስ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ተራራውን ሲዞር ተቆረጠ። የቪኤችኤፍ ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ 50 ዋትም ቢሆን ተራራ አይበሳም። ልጁ ተመልሶ ወደሚያይበት ሲወጣ እንደገና መጣ።

ጋሼ በባቲ መንገድ ወረዱ። መጀመሪያ ጥሩ፣ ከዚያ ሸለቆ ውስጥ ሲገቡ ዝም። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ከዚያ ከአንድ ከፍታ ላይ “ልጄ፣ ትሰማኛለህ?” አሉ። መኪናውን አቁመው፣ ከፊት ሰው እንደሌለ አይተው ነበር። “አብሽር፣ እሰማለሁ ጋሼ” አልኳቸው።

በየመኪናው የፀሐይ መከላከያ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ነዳጅ ስትሞሉ ማይኩን አትንኩ። ድንጋይ በፈንጂ የሚሰበርበት ካባ ጋ ስትደርሱ ሬዲዮውን አጥፉ፤ የፈንጂው ሽቦ ሞገዱን እንደ አንቴና ይቀበላል። ብሎንና ፊውዝ በየወሩ እዩ። ከሥር ባዶ ቦታ ተውኩ፣ ድምፅ የሚገባበትን ከፍታ ሾፌሮቹ ራሳቸው እንዲጽፉ። ማታ ሲመለሱ የጋሼን ወረቀት አየሁት። አራት ቦታ ጽፈዋል፣ በእርሳስ፣ ከኪሎ ሜትሩ ጋር።